በቆጮ የተጠቀለለው ጥይት

ጥቅምት 27 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ ከቀትር በኋላ

ከቀራንዮ መ/ዓለም ንግሥ ገና መመለሴ። እግሬ አብጧል። ዘነበች ደጄ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ከአርበኞች ጽ/ቤት የአርበኝነት ወረቀት ልታወጣ ነው። ሦስት ምስክር ይፈልጋሉ፤ ሁለት አግኝታለች፣ ሦስተኛዋ እኔ። ሐኪሙ ተስፋ አልሰጣትም። ስትሞት አርበኞች በሰንደቅ ዓላማ፣ በፉከራ እንዲሸኟት ትፈልጋለች። እንደ ቆጮ ሻጭ ብቻ አልቀበርም አለች። ላስብበት አልኳት። ምን የሚታሰብ አለው? አፈርኩ።

ጥቅምት 30፣ ጠዋት

ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ፣ ማስታወሻዬ። በጣሊያን ጊዜ ከኮልፌ እስከ መናገሻ ጫካ ለአርበኞች ጥይት ያመላለሰችው ዘነበች ናት። ከከተማ አግኝቼ የማስረክባት እኔ። ቆጮው መሀል ትቀብረውና በኮባ ቅጠል ትጠቀልለዋለች። ጣሊያኖቹ ሽታውን ስለሚጠየፉ ኬላ ላይ አይበረብሯትም። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያን ጊዜ ወባ ይዞት ቤት ተኝቷል። በኋላ ምስክርነት ሲጻፍ ግን ያመላለሰው እሱ ሆነ። ሴት ወረቀት ምን ያደርግላታል ብለን። የጻፍኩት እኔ፣ በገዛ እጄ! እንኳን ቆጮ ሊሸከም፣ ጎመን ይዞ መታየት የሚያፍር ሰው። አሁን ብመሰክር ጸሐፊው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያያቸዋል።

ኅዳር 3

ለልጄ ለታደሰ ነገርኩት። የአርበኛ ልጅ ተብሎ ነው የተማረው፣ ሥራም የገባው። ጮኸብኝ። የሞተ ሰው ከመቃብር አውጥተሽ ልታዋርጂ ነው ወይ አለኝ። ለዘነበች አሞኛል ብዬ ላክሁባት። በውሸት ላይ ውሸት።

ኅዳር 6፣ 9 ሰዓት

መጣች። ልትጠይቀኝ! በሽተኛዋ እሷ፣ ጠያቂዋም እሷ። በምርኩዝ፣ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ አርፋ። ስለ ወረቀቱ ትንፍሽ አላለችም። ልትሄድ ስትነሳ ግን ባለቤቴ ሊሞት ሲል አስጠርቶ ይቅርታ እንደጠየቃት ነገረችኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት አውቃ ዝም ብላለች። «እሱን ከወረቀቱ አታውጪው እቴ፣ እኔንም ጨምሪኝ» ብቻ አለች። እስክትወጣ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እሱስ ይቅርታ ጠየቀ። እኔስ?

ኅዳር 7፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ጻፍኩ። እሷንም ጨምሩልኝ አላልኩም። ጥይቱን የተሸከመችው ዘነበች ናት፤ ባለቤቴ አልተሸከመም፤ ያኔ ዋሽቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፈረምኩ። ታደሰ አንብቦታል። በሩ ላይ ቆሟል፣ አይነቃነቅም። ነጠላዬን ለብሻለሁ። ጽ/ቤቱ 2 ሰዓት ይከፈታል። በዕድሜዬ ልጄን ገፍቼ አላውቅም። ዛሬ እገፋዋለሁ።