በስምህ የመጣው ፖስታ

ውድ ግርምሽ፣

አንባቢዎቼ ይህን ዓምድ የሚከፍቱት የሰው ወሬ ፍለጋ ነው፤ ዛሬ ግን የራሴን ጉድ ነው የምዘረግፈው። ከተለየኸኝ አምስት ወር ሆነ። አምስት ወር ሙሉ በስምህ የመጣውን ፖስታ ሁሉ ሳልከፍት ፍሪጁ ላይ ስከምር ከረምኩ። ስምህን እያየሁ መቅደድ አቃተኝ። ሂሳቡ ሳይከፈል ቀርቶ ኢንተርኔቱ ሲቆረጥ ለሳሮን «የኩባንያው መስመር ተበላሽቶ ነው» አልኳት። ልጅህ ግን አትሸወድም፤ «ማሚ፣ ጀስት ኦፕን ኢት፣ ክፈቺው በቃ» ብላኝ ወጣች። መንጃ ፈቃድ አውጥታለች። መኪናህን የምትነዳው እሷ ናት፣ ወንበሩን ወደ ፊት ስባዋለች።

የዘራኸው ጎመንም በቀለ። ባለፈው ወር የማኅበሩ ተራ የእኛ ነበር፤ ጾም ስለነበር ትልቁን ድስት በጎመን ሞላሁት። «የግርማ እጅ ነው» እያሉ በሉልህ። ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ሱቅ ያላት ሂሩት ሦስቴ ጨመረች። ዘጠኝ ዓመት ጠብቃ ማርገዟን የነገረችን ያን ዕለት ነው።

ቅዳሜ ፖስታዎቹን ከፈትኳቸው። አንዱ የጓሮ አፈራችንን ለምርመራ ከላክህበት ላብራቶሪ ነበር።

ከሰፈራችን ጀርባ ያለው ፋብሪካ ሳይረን ያሰማ ጊዜ፣ በማግስቱ መኪናችን ላይ ቢጫ ዱቄት አገኘን፤ በጣትህ ነካ አድርገህ አሸተትከው። «ዓሣ የማይበላ የባሕር ልጅ» እያልኩ ስቀልድብህ ስንት ዓመት ዝም ትለኝ ነበር፤ ያን ጠዋት ነገርከኝ። ባደግክባት የወደብ ከተማ የአንድ ፋብሪካ ቱቦ ባሕሩን ሲያቀላው፣ ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ዳር ይመጣ ነበር። እናንተ ልጆቹ ትለቅማላችሁ፣ እናቶቻችሁ ይጠብሳሉ። ትልልቆቹ ያውቁ ነበር፤ የአባቶቻችሁ ደመወዝ ከዚያው ፋብሪካ ስለሆነ ማንም አልተናገረም። ታናሽ እህትህን ያኔ የጀመራት መንቀጥቀጥ ዛሬም አልተዋትም። ይህን ነግረኸኝ አካፋ አነሳህና አፈሩን በከረጢት አድርገህ ላክህ። በአሥረኛው ቀን ልብህ ቆመ፤ አፈሩም ከለቅሶው ጋር ተረሳኝ።

ወረቀቱ አፈሩ ውስጥ ያለው እርሳስ የሚባለው ብረት ከመጠን ያለፈ ነው፣ ከጓሮው ቅጠላ ቅጠል እንዳትበሉ፣ በተለይ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች፣ ይላል። የተላከው ከማኅበሩ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ነው።

መጀመሪያ የደወልኩት ለማኅበሩ ሰብሳቢ ለእትዬ አስካለ ነው። «ጸሎት የተደረገበት ምግብ ማንን ጎዳ? ዘጠኝ ዓመት የጠበቀችን ልጅ ምን ብለሽ ነው የምታስደነግጪያት? ተይው አንቺ ልጅ» አሉኝ። ክፋት እንዳይመስልህ፣ ለሂሩት ሳስተው ነው። እኔም፣ ካንተ ምን እደብቃለሁ፣ ደስ አለኝ። ግማሽ ቀን ታዘዝኳቸው። ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ ግን ዓሣውን የጠበሱት እናቶቻችሁ ምን እንደተባባሉ ገባኝ። እነሱም እንዲህ ለሰው ሳስተው፣ በፍቅር፣ «ተይው» ተባብለው ይሆናል።

ሂሩት ጋ ደወልኩ። ሳላቋርጥ ነገርኳት። «ያስያዝሽኝን ጎመንም ሳምንቱን ሙሉ በልቼዋለሁ» አለች። ቀጥላ «ፖስታው መቼ ነው የመጣው?» አለችኝ።

«ከማኅበሩ በፊት።»

ስልኩ ተዘጋ።

ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ላክሁላት፤ አይታዋለች፣ አልመለሰችም። ማክሰኞ ለምርመራ ደም እንደምትሰጥ የጻፈልኝ ባሏ ነው። ለቀሩትም ማኅበርተኞች አንድ በአንድ ደወልኩ፤ እትዬ አስካለ አኩርፈውኛል። ጎመኑን ነቅዬ በፌስታል አሰርኩት። ያንተ እጅ ያረፈበት የመጨረሻው ነገር ስለነበር እየነቀልኩ አለቀስኩ። ግን ግርምሽ፣ ከእንግዲህ የማስታውስህ በዘራኸው አይደለም፤ ያን ጠዋት አካፋ ይዘህ ስትወጣ ነው።

ማክሰኞ ክሊኒኩ ፓርኪንግ ውስጥ ቁጭ እላለሁ። ሂሩት ግቢ ካለችኝ እገባለሁ፣ ካላለችኝም ከዚያ አልነቃነቅም። ውጤቱን ስሰማ፣ ምንም ይሁን ምን፣ ሳላሳምር እጽፍልሃለሁ።

ያንተው