ከአሥር ስንት?

ኦሮራ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ለእቴቴ እንቁ፣

እንዴት ነሽልኝ? ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ተቀምጬ ነው። ተቀምጬ! አንድ ሰዓት ሊሞላኝ ነው፤ ወንበሩ ላይ ሆኜ ብቻዬን እስቃለሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ጀርባዬን ኦፕራሲዮን ሲያደርጉኝ «ዳንኩ» ብዬሽ አልነበር? አልዳንኩም። ኤርፖርት ሥራዬ ላይ የመንገደኛ ዊልቸር ስገፋ የጀመረኝ ሕመም ጭራሽ ባሰብኝ። ምሳዬን የምበላው ቆሜ፣ የምተኛው ምንጣፍ ላይ ነበር። አትቆጪኝ፣ ልጨርስልሽ።

ባለፈው ሳምንት ዴንቨር ያለ ሐኪም፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሁለት ሽቦዎች በመርፌ አከርካሪዬ አጠገብ አስገባልኝና ባትሪውን ወገቤ ላይ ለጠፈው። ሕመሙ ጭንቅላቴ ሳይደርስ ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ ያደናግረዋል አሉ። ለጊዜው ሙከራ ነው፤ ሕመሙ ቢያንስ በግማሽ ከቀነሰ ቋሚው ይገባልኛል፣ ካልቀነሰ በቃ፣ ይቀራል።

እቴቴ፣ በሁለተኛው ቀን ተቀመጥኩ! ልጄ ሄራን እየነዳች ሃቫና ስትሪትን ከዳር እስከ ዳር ስናልፍ፣ መቀመጫውን ሳልዘረጋ፣ እንደ እመቤት ተደላድዬ።

ዓርብ ዕለት ታዲያ ሐኪሙ «ሕመምሽ ከአሥር ስንት ነው?» አለኝ።

«ሁለት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

ኮምፒውተሩን አየና ፊቱ ቀዘቀዘ። «ከሙከራው በፊትም ሦስት ብለሽኛል። እንግዲህ ብዙም አልሠራልሽም ማለት ነው። ሰኞ እናወጣውና እንተወዋለን።»

ክው አልኩ። ሦስት ያልኩት በይሉኝታ እኮ ነው! ሰው እንዴት ነሽ ሲለኝ «ዘጠኝ» ልበለው እንዴ? አሁን ደግሞ ቃሌን ባጥፍ ውሸታም እንዳልባል ፈራሁ።

አጠገቤ የነበረችው ሄራን ዘላ ተነሣች። «ኖ፣ ኖ! ዶክተር፣ እንዳታምናት! ጣሪያ ቢወድቅባት እንኳ ደህና ነኝ ነው የምትለው!» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «ማሚ፣ ፕሊስ፣ እውነት ንገሪው። ሻወር ውስጥ ስታለቅሺ እኮ እሰማሻለሁ» አለችኝ።

ውኃውን የምከፍተው እንዳትሰማኝ ነበር።

«ዘጠኝ ነበር» አልኩት። «አንዳንድ ቀን አሥር።» እንባዬ መጣ። ሐኪሙም ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና አተኛኘቴን፣ አበላሌን፣ ሁሉን ጠይቆ እንደ አዲስ ጻፈ። ቋሚው ከገና በፊት ይገባልኛል! ነገ ይህ ሲወጣ ሕመሙ ይመለሳል፤ ይመለስ፣ አሁን ልኩን የሚያስገባው አግኝቻለሁ!

አሁን ተራው ያንቺ ነው። በደወልኩ ቁጥር «እኔ ምን እሆናለሁ ብለሽ ነው፣ ደህና ነኝ» ትይኛለሽ። ባለፈው ግን ደረጃ እየወጣሽ ስታናግሪኝ ትንፋሽሽ ሦስቴ ተቆረጠ። እንዲህ ያለውን «ደህና ነኝ» ከእኔ የበለጠ የሚያውቀው የለም። ተቆጪኝ፣ ስደቢኝ፣ ግን ቁጥሩን ጻፊልኝ።

እመብርሃን በምትሄጂበት ሁሉ ክንድሽን ትያዝልኝ።

ታናሽሽ፣
እድላዊት