ቃል አስጠባቂው

ይድረስ ለውድ ልጄ። ከነልጆችሽ እንደምን አላችሁ? እኔ ደህና ነኝ፤ ሳሉም ቀን ቀን ይተወኛል።

ሥራዬ ቀጥሏል። ሰዎች ለራሳቸው የገቡትን ቃል መፈጸማቸውን በየጠዋቱ እየደወልኩ እጠይቃለሁ። ትናንት ደንበኛዬን ልብስ ሰፊዋን ልተወው ብላ ቃል ስለገባችበት ሲጋራ ጠየቅኋት።

«አንዲት አጨስኩ፣ መምህር። አልዋሽዎትም። እርስዎስ የራጁን ውጤት ወሰዱ?» አለችኝ። እንድትበረታ ብዬ እኔም ቃል ገብቼላት ነበር።

«ወስጃለሁ፤ ምንም የለብኝም» አልኳት።

«እሰይ! እርስዎማ ቃልዎን አይበሉም!» ብላ ከልቧ ደስ አላት። መዝገቤን ከፍቼ ከስሟ ትይዩ «አልፈጸመችም» ብዬ ስጽፍ እጄ አፈረ።

ለአንቺም የነገርኩሽ ያንኑ ውሸት ነው። ውጤቱ ክሊኒኩ ከገባ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ ሳልገባ ተመልሻለሁ። ሐሙስ በሦስት ሰዓት ደውይልኝ፤ ወረቀቱን ይዤ እስካነብልሽ ድረስ ስልኩን አትዝጊብኝ።

አንቺን ቀና ብሎ ለማየት ያፈረው አባትሽ