ተዝካርህን በልተናል

ውድ ወንድሜ ደረሰ፣

«እንደምን ከርመሃል» ብዬ ልጀምር አልኩና አፈርኩ። ተዝካሩን የበሉለትን ሰው እንዴት ብለው እንደምን ከረምክ ይሉታል? አዎ፣ ተዝካርህን በልተናል። ጠላው ግሩም ነበር። ወጡ ጨው በዝቶበታል ብለው አሙኝ። እንባዬ ገብቶበት ነው ብላቸው ማን ይመነኝ፤ ድሮም ጨው አበዛለሁ።

ይህን የሚጽፉልኝ መሪጌታ እንዳለው ናቸው። እኔ እናገራለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ። አሁንም ብዕራቸውን አንስተው «አንች ልጅ፣ ደብዳቤ እንዲህ ተብሎ አይጀመርም» እያሉኝ ነው። እንደወጣልኝ ይጻፉልኝ ብያቸዋለሁ። በርበሬ ነጋዴዋ ሀብትነሽ በስልቻዋ ውስጥ ቀብራ ታደርስልሃለች፤ ሲያስነጥስህ መሪጌታን እንዳትረግም።

በል ከሥሩ ልንገርህ። አንተ ዱር በገባህ በዓመቱ አባዬ መነኮሱ። ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ ሲቀመጥ «እኔ ጠመንጃ መሸከም አልችል፣ ቆብ ግን አይከብደኝም» ብለው ቆባቸውን ጫኑ። አሁን አባ ገብረ መድኅን ናቸው። በጊዮርጊስ ቅጽር ውስጥ አንዲት ጎጆ ሠራንላቸው። እኔ ምግባቸውን ይዤ በየቀኑ እሄዳለሁ፤ ቅመሱልኝ፣ ጨምሩልኝ ብዬ ለምኜ አበላቸዋለሁ፤ ከዚያ እጄን ይይዙና እንወጣለን። በምንጩ በኩል ወርደን፣ ቀስ እያልን ጉብታው ላይ እንወጣለን። ከዚያ የቡሬ መንገድ ይታያል፣ ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ የደጋ ዳሞት ተራራ። «እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው» ይላሉ። እግር ሊያፍታታ የወጣ ሰው ግን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን እናንተ ወዳላችሁበት ወደ ፈረስ ቤት አይተክልም። አንተን ነው የሚጠብቁት።

መንገዱ ደግሞ ጠብ ነው። የማመጣላቸውን ዳቦ ግማሹን ለሌሎቹ መነኮሳት ያድላሉ፤ እቆጣለሁ። በክረምት ያለ ገሳ ይወጣሉ፤ እቆጣለሁ። ጭቃው ሲያንሸራትታቸው እጄን ለቀው «እኔ ሽማግሌ አይደለሁም» ይላሉ፤ ያን ጊዜማ አገር እስኪሰማ ነው የምቆጣው። እሳቸው ይስቃሉ። «ያይኔአበባ ካልጮኸችብኝ የበላሁት አይወርድልኝም» ብለው ለመነኮሳቱ ሲነግሩ ሰምቻለሁ።

እንግዲህ ሰኔ ገብቶ የዱር ጓደኛህ ክንዱ ከእናንተ ዘንድ መጣ። ያን ቀን ያየሁትን ፊት ጠላቴም አይየው። «በዓይኔ ሲወድቅ አየሁት፣ አስከሬኑን ማንሳት ግን አልቻልንም» አለ። ጮህኩ። ፀጉሬን ተላጨሁ፣ ከል ለበስኩ። ሽማግሌዎቹ ለአባዬ መርዶውን ሊነግሩ ሲነሡ ግን በር ላይ ተገተርኩ። ልጅ ሞተ መባልን እኒያ ሽማግሌ አይችሉትም፣ አንድ ሞት ይበቃኛል አልኳቸው። ተዉኝ።

ከዚያ ጀምሮ ሥራዬን ስማ። ከቅጽሩ በታች አንድ ትልቅ ግራዋ አለ። እዚያ ሥር ገብቼ ከሌን አወልቅና ነጩን ለብሼ፣ ሻሼን አጥብቄ ወደ አባዬ እገባለሁ። ከእሳቸው ስመለስ ደግሞ ግራዋው ሥር ከሌን ለብሼ፣ አልቅሼ ወደ ቤቴ። ያየኝ ሰው አብዳለች ሳይል አይቀርም።

ችግሩ የመጣው ከፍትሐቱ ነው። ማዶ ኪዳነ ምሕረት ሄጄ ቄስ ተስፋውን አባዬ ሳይሰሙ ፍቱልኝ አልኳቸው። «የክርስትና ስሙ ማን ነው?» አሉኝ። ደረሰ ነው ብል «በሱ ሰው ይጠራዋል እንጂ እግዚአብሔር አይጠራውም» ብለው መለሱኝ። እኔ ደግሞ አላውቀውም! ከአንተ በፊት የተወለዱት ስለሞቱባት እናታችን ስምህን ከሰውም ከመድኃኒተኛም ደብቃ ነው ያሳደገችህ። እሷን አፈር በላት፣ የነፍስ አባታችንም ሞቱ፣ የክርስትና አባትህም የሉም። የቀሩት አባዬ ብቻ ናቸው። ነፍስህ ስም አጥታ በር ላይ ቆማ ታየችኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ።

እና በየቀኑ በመንገዳችን ላይ ልክ እንደ ዋዛ አድርጌ እጠይቃለሁ። «አባዬ፣ ለመሆኑ የደረሰ የክርስትና ስም ማን ነበር?»

«ወልደ ሰንበት» ይላሉ። ስደሰት እቆይና በማግስቱ ላረጋግጥ ብዬ ደግሜ እጠይቃለሁ። «ኃይለ ሚካኤል።» በሌላው ቀን «ተክለ ሃይማኖት መሰለኝ»። የቅዱሳኑን ስም አንድ በአንድ ሊጨርሱልኝ ነው! ድሮ ቢሆን ጉድ አደርጋቸው ነበር። ግን ልጁ የሞተበትን፣ መሞቱንም ያልሰማ ሽማግሌ ምን ብዬ ልቆጣ? ዝም ብዬ እጃቸውን ይዤ እሄዳለሁ። ዳቦውንም ሲያድሉ ዝም፣ ያለ ገሳ ሲወጡም ዝም።

አርባህ ሲቃረብ አንድ ቀን ጉብታው ላይ ተቀምጠን፣ ሳልጠይቃቸው እጄን ጨብጠው «ገብረ እግዚአብሔር ነው» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ይኼስ እውነት ነው አልኩ። በማግስቱም ብጠይቃቸው እሱኑ ደገሙልኝ። ሮጬ ለቄስ ተስፋው አደረስኩ።

ፍትሐቱም ተፈታ፣ ተዝካሩም ወጣ። ዘመድ ከጅጋ ሳይቀር መጣ። አልቃሾቹ ምን ብለው አወደሱህ መሰለህ? «እርፉን ሲጨብጥ መሬት የሚታዘዘው» አሉህ! አንተን! በሬዎቹ እስኪያፍሩብህ ድረስ ትልምህን ጠማማ ታደርግ የነበርከውን! እያለቀስኩ ሳቄ መጣብኝና ፊቴን በነጠላ ሸፈንኩ። ሰዉም እህህ፣ አንጀቷ ተቆርጧል አለኝ።

በማግስቱ እንደ ልማዴ ነጬን ለብሼ ሄድኩ። ጉብታው ላይ ስንደርስ አባዬ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣

«ጠላው እንዴት ነበር?» አሉኝ።

«የምን ጠላ?»

«የተዝካሬ ነዋ።»

ቀጠሉ። «ገብረ እግዚአብሔር እኔ ነኝ። የወንድምሽን የክርስትና ስም ፍለጋ ስትባክኝ የአባትሽን አለማወቅሽ! ነገ ስሞት በማን ልታስፈችኝ ነበር?»

«ያውቁ ኖሯል?» አልኩ።

«ከሉ ዝናብ ሲመታው ቀለሙ ይለቃል፣ አንች ልጅ። አንገትሽ ጥቁር ሆኖ ነው የከረመው። እሱንስ ጥላሸት ነው ብዬ ባለፍኩት። ግን ከሰኔ ጀምሮ አልተቆጣሽኝም። ያለ ገሳ ወጣሁ፣ ዝም። ጭቃ ላይ ወደቅሁ፣ ዝም። ያኔ ልጄን ሞተ እንዳሉት አወቅሁ።»

አለቀስኩ። ታዲያ ለምን የራስዎን ስም ሰጡኝ አልኳቸው። «ያየው ሰው ሲወድቅ ነው ያየው እንጂ ሲቀበር አላየውም። ስሙን ብሰጥሽ ከሙታን ጋር ትቆጥሩብኛላችሁ። እኔማ ቆቤን ስጭን ፍትሐቴ ተፈቷል፣ መነኩሴ የቁም ሙት ነው። ሁለቴ ቢፈቱኝ ምን እሆናለሁ? ዘመዴም ጠግቦ ገባ፣ እሰየው» አሉና «በይ ቀዝቅዞኛል፣ አንሽኝ» አሉ።

እውነቱን ልንገርህ፣ አላመንኳቸውም። ሽማግሌ ልቡን የሚያሞቅበት አያጣም አልኩ እንጂ ትኖራለህ ብዬ አይደለም። ከሌን ግን ከዚያ ወዲህ አልደበቅሁም። በከሌ እሄዳለሁ፣ እጃቸውን ይዤ እወጣለሁ፣ እሳቸው ተራራውን ያያሉ፣ እኔ ጭቃውን።

ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን ሀብትነሽ ከእናንተ ማዶ በርበሬዋን ሸጣ መጣች። ሳትቀመጥ «ደረሰ ሰላም ብሎሻል» አለችኝ። ከል በለበስኩት በእኔ ላይ! በጥፊ ልላት እጄን ሳነሣ «ስሚኝማ! እንዳታምኝ አውቆ የላከልሽ ቃል አለ። የእናቴን ወስፌ የሰበርኩት እኔ ነኝ በያት ብሎኛል» አለች።

ደረሰ! አንተ ነህ ለካ! በዚያ ወስፌ ሰበብ እናታችን እንዴት አድርጋ እንደገረፈችኝ ታስታውሳለህ? ከበሩ ኋላ ቆመህ ስታይ አልነበር? እየሣቅሁ፣ እያለቀስኩ፣ አንተን እየሰደብኩ፣ ሀብትነሽን አንገቷን አንቄ ሳምኳት። እግርህን ተመትተህ አንዲት ባልቴት ደብቃ እንዳዳነችህም ነገረችኝ። እግዜር ውለታዋን ይክፈላት፣ ጉልበቷን ሳሚልኝ ብዬ ጨው ልኬላታለሁ።

ወደ ጊዮርጊስ ሮጥኩ። አባዬ ጎጆአቸው ውስጥ የሉም። ዝናቡ ይወርዳል። ቀና ብል ጉብታው ላይ ብቻቸውን ቆመዋል፤ ያለ ገሳ፣ ባዶ እግራቸውን! የያዝኩት ወሬ ከአፌ ጠፋ። ሽቅብ እየሮጥኩ፣ «እርስዎ ሰውዬ! ልብ የለዎትም? ብቻዎን አይውጡ አላልኩም? በዚህ ዝናብ! ገሳውን ለማን ነው የሰፋሁት? ለግድግዳው ነው?» እያልኩ ጮህኩባቸው።

አባዬ ዞር አሉ። ፊታቸው በራ። መቋሚያቸውን ጣሉና ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«ተቆጣችኝ!» አሉ። «ልጄ አለ! ልጄ አለ!»

ገና ምንም ሳልነግራቸው! እላያቸው ላይ ወድቄ አነባሁ። እሳቸው ግን ማልቀሱንም ለእኔ ተዉልኝ፤ መነኩሴነታቸውን ረስተው «ዘራፍ! የደረሰ አባት!» ብለው መፎከር ጀመሩ። መቋሚያውን አንስተው እንደ ጠመንጃ ወዲያ ወዲህ ያወዛውዙት ጀመር። ወዲያው ከታች በመንገዱ ሁለት ባንዶች ጠመንጃቸውን አንግተው ብቅ አሉ። ነፍሴ ወጣች።

«ምን ሆነው ነው የሚፎክሩት?» አለ አንደኛው።

«አርጅተዋል ጌታዬ። የድሮ ሠርጋቸው ትዝ ብሏቸው ነው» አልኩ።

አባዬ ዓይኔን አዩና ከፉከራው ወደ ሠርግ ዘፈን ገቡ! እስክስታም ጨመሩበት፣ ቆባቸው ወደ ጆሯቸው እስኪንሸራተት። ባንዶቹ ሣቁ፤ አንደኛውማ ቀርቦ ጉልበታቸውን ስሞ ባርኩኝ አላቸው። «ልብ ይስጥህ» ብለው ባረኩት። ደስ ብሎት ሄደ።

የነፍስ አባታቸው ስለ ፉከራውና ስለ እስክስታው ስግደት አዘዙባቸው። እየሰገዱ ነው። በየመካከሉ ግን ይስቃሉ፤ መነኮሳቱ ግራ ገብቷቸዋል። እኔም ከሌን አውልቄ ለግራዋው መታሰቢያ እዚያው ሥር ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፣ ብራናውም እያለቀ ነው እያሉኝ ነው መሪጌታ። ክንዱ «ደረሰ ጣሊያን ከቡሬ ሳይወጣ ቤቴን አላይም ብሎ ምሏል» ይል ነበር። መሐላህን አከብራለሁ። ግን የአባዬን እግር እኔ ነኝ የማውቀው። ጉብታው በየቀኑ ይርቅባቸዋል። ባለፈው ሳምንት ሁለቴ አርፈን ነው የወጣነው። መስቀል ሳያልፍ በአንድ ጨለማ ገብተህ በሌላው ጨለማ ብትወጣ ቡሬ ያለው ጣሊያን አይሰማህም፤ ስታንኮራፋ ካልሆነ።

ምን ልበለው ብዬ አባዬን ጠየቅኳቸው። ዛሬ ጉብታው ላይ፣ ገሳቸውን በግድ አልብሻቸው፣ እንዲህ አሉኝ፤ መሪጌታም ቃል ሳይጨምሩ እንዲጽፉት አስምያቸዋለሁ፦

«ለመቅበሬ እመጣለሁ ካለ አይልፋ። ፍትሐቴም ተፈቷል፣ ተዝካሬም ተበልቷል፣ ስሞት ልጅ የሚሠራው ሥራ አልቀረም። እንግዲህ የሚመጣ ከሆነ በቁሜ ይምጣ።»

የክርስትና ስምህን እንዲነግሩኝ ብለምናቸውም አሻፈረኝ ብለዋል። በጆሮህ ሊጠሩህ ነው የፈለጉ። ጉብታው ላይ ነን፣ በየቀኑ በዘጠኝ ሰዓት። ያለ ገሳ መጥተህ ካሳልክ እኔ ነኝ ቀድሜ የምቆጣህ።

ወስፌውን ያልሰበረችው እህትህ፣
ያይኔአበባ