የጎተራው ቀሪቦ

ይድረስ ለእታለም፣ እህት ብቻ ሳትሆኚ እናትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ዳገቱን ያስወጣሻል? ላሚቱ ወለደች? ዝናቡ ኮምቦልቻም ደረሰ ወይስ አዲስ አበባ ላይ ብቻ ነው የሚያላግጠው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አምሮብኛል ብልሽ ጉራ ነው ትያለሽ፤ ስለዚህ አላልኩሽም፣ መጥተሽ ስታዪኝ ራስሽ ትይዋለሽ።

ማን ጻፈልህ ብለሽ አትድከሚ። ራሴ ነኝ። የማታውን ትምህርት ጨርሼ ወጥቻለሁ። መምህርት ጽገረዳ እንደ እኔ ያለ ተማሪ ገጥሟት አያውቅም፤ እሷ እስካሁን ይህን አላመነችም እንጂ ማመኗ አይቀርም። አፍራህ የኔ ልጅ፣ ለእናትሽ ቀስ እያልሽ አንብቢላት፤ ስትስቅ ቁሚና ጠብቂያት። ያልደወልኩት በስልክ ሲሆን ካርድህን አትጨርስ እያልሽ ስለምትዘጊብኝ ነው፣ እታለም። ወረቀት አይዘጋም።

ብስክሌት ገዛሁ። ማለቴ አዲስ አይደለችም፣ ከደንበኛ የገዛኋት አሮጌ ናት። ኦሎምፒያ ጎሚስታ ሆኜ ይህን ሁሉ ዓመት የሰው ጎማ ስነፋ ኖሬ፣ ለራሴ ስነፋ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እሑድ ሱብሒ ሰግጄ እወጣና በኡራኤል አድርጌ ወደ ካዛንቺስ እነዳለሁ። ያኔ ከተማው ዓይኑን አልገለጠም። መንገዱ በካፊያ ርሶ የመብራቱ ምሰሶ ሁሉ አስፋልቱ ውስጥ ተገልብጦ ቆሟል፤ በላዩ ስሄድ ውሃ ላይ የምንሳፈፍ ይመስለኛል። ድሮ ሰፈራችን የነበረበት ቦታ አሁን ሰፊ ነው፣ ሰማይ በዝቶበታል። ለብስክሌት ብቻ የተሠራ መንገድ አለ ብልሽ ታምኚኛለሽ? እሱ ላይ ቀስ እያልኩ ግድግዳ አነባለሁ። መድኃኒት ቤት። የጥርስ ሐኪም። የሚከራይ ክፍል አለ። ስንት ዓመት እያዩኝ ዝም ብለው ኖረው፣ አሁን ባለፍኩ ቁጥር በስሜ የሚጠሩኝ ይመስለኛል። አንዳንዴ እግሬ ፔዳል መምታቱን ይረሳና ብስክሌቷ ብቻዋን፣ በሕልም እንደሚሄድ ሰው፣ ዝም ብላ ትንሸራተታለች።

ፎቶም አነሳለሁ። የስልኬ ካሜራ ጥሩ ነው፤ ከእሱ የሚበልጠው ዓይኔ ነው። እርጥብ አስፋልት ላይ የፈሰሰ የታክሲ መብራት አንስቼ ለደጋጋ አሳየሁት። ደጋጋ የጎማ ቤቱ ባለቤት ነው፣ አለቃዬም ጓደኛዬም። ይሄ ተበላሽቷል፣ አጥፋው አለኝ። አዘንኩለት። ዙለይካ ግን ስልኩን ተቀብላ አቅርባ አየችውና ይህ ዝናብ ነው ወይስ መብራት አለችኝ። ሁለቱም ነው አልኳት። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከየት ይገኛል?

ዙለይካ ማናት ብለሽ ቀና አልሽ አይደል? ማታ ክፍል ውስጥ ከፊቴ ወንበር የምትቀመጥ ናት፣ በርበሬና ቅመም ነጋዴ። ካዛንቺስ ሲፈርስ ከአባቷ ከጋሽ ሸምሰዲን ጋር ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገብታለች። አባቷ የኛው አገር ሰው ናቸው፣ ወሎዬ። አፍራህ፣ እዚህ ላይ እናትሽ ምን እንዳለች ጻፊልኝ።

ጉድ ያመጣብኝ ሦስተኛው ሙያዬ ነው። ቀሪቦ መጥመቅ ጀመርኩ። ሳቂ። ያንቺን ስናፍቅ ጊዜ ገብሱን እስኪጠቁር ቆላሁ፣ አፈላሁ፣ ስኳሩንና እርሾውን ጨመርኩ። የመጀመሪያው ጣፈጠ፤ ጎረቤት ሁሉ እየቀመሰ መረቀኝ። በቃ እዚያ ላይ ቢበቃኝ ምን ነበረበት። ከጎማ ቤታችን አጠገብ ግን ቢራውን እዚያው እየጠመቀ የሚሸጥ አንድ ቤት አለ። ወጣቶቹ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን እያነሱ ስለ አረፋው ሲያወሩ እሰማለሁ። እኔ ቢራ አልቀምስም፣ ታውቂኛለሽ፤ አረፋው ግን አስቀናኝ። ቀሪቦ እንግዳ ነው፣ ከአንድ ሌሊት በላይ አይደር ስትይ ኖረሻል። ረሳሁት አልልሽም፤ የበለጥኩሽ መስሎኝ ነው። ስኳር ደገምኩበት፣ ጀሪካኑን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ አሰነበትኩት፤ የማያሰክረው መጠጥ እዚያው ውስጥ ራሱ እየሰከረ እንደሆነ አላወቅሁም።

ለማን ብትይ፣ ለጋሽ ሸምሰዲን። ሽማግሌ ልኬ ነበር፣ እታለም። አትቀየሚኝ፤ እሺ ካሉኝ በኋላ በደስታ ላስደነግጥሽ ብዬ ነው። የላክሁት ደጋጋንና የመስጊዳችንን ጎረቤት ልብስ ሰፊውን ጋሽ ታጁዲንን ነው። ባዶ እጃቸውን ከሚገቡ ብዬ ጀሪካኑን ብስክሌቷ ላይ አስሬ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ከኦሎምፒያ እስከ ጎተራ እየዘለልኩ አደረስኩት። ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ አይገባምና ከታች ቀረሁ፤ በየበረንዳው የተሰጣውን ልብስ ፎቶ ሳነሳ። ላይ ቤት የሆነውን የነገሩኝ ጋሽ ታጁዲን ናቸው።

ክዳኑ ሲከፈት እንደ ጎማ ፈነዳ። ግማሹ ጣሪያው ላይ፣ ግማሹ የጋሽ ሸምሰዲን ነጭ ጀለቢያ ላይ። ፊታቸውን ጠርገው የተረፈውን አስቀዱና አሸተቱት። ማን ነው የጠመቀው አሉ። ደጋጋ፣ የኔ ጌታ፣ ሊያነሳኝ ብሎ፣ ልጃችን በገዛ እጁ ነው፣ ከቢራ ቢበልጥ እንጂ አያንስም አላቸው። ጋሽ ታጁዲን እግሩን ረገጡት። ደጋጋ ክርስቲያን ነው፣ ከቢራ በላይ ሙገሳ አያውቅም፤ ያልተሰማ መስሎት ደገመው። ጋሽ ሸምሰዲን ሳይቀምሱ ብርጭቆውን አስቀመጡ። በሉ፣ ተመካክረን እናሳውቃችኋለን አሉ። ይህ አነጋገር ምን ማለት እንደሆነ አንቺን አላስተምርሽም።

ከዚያ ወዲያ ዙለይካ ከክፍል ቀረች። ትምህርቱን ባዶ ወንበሯን እያየሁ ጨረስኩት። ቀልድ አልመጣልኝ ብሎ መምህርት ጽገረዳ አሞሃል ወይ አለችኝ። እሑድ ብወጣም ግድግዳው ሁሉ ዝም አለኝ፤ አነበዋለሁ፣ አያናግረኝም።

ሰሞኑን ጎማ ቤት ድረስ መጣች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም። አባቴ ለጠጪ ልጄን አልሰጥም ብለዋል አለችኝ። እኔ ጠጪ እንዳልሆንኩ አታውቂም ወይ ብላት፣ እኔስ አውቃለሁ፣ ጣሪያችን ግን አያውቅም አለችኝ። ደጋጋ ከጎማዎቹ ጀርባ ተደብቆ ሲስቅ ሰማሁት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የአባቷን ቃል ነገረችኝ። ወሎዬ ነኝ ካለ ቀሪቦ የምታውቅ እህት አያጣም፤ እሷ መጥታ ትጥመቅና ልቅመሰው፣ ያኔ ምን ዓይነት ቤት እንዳሳደገው አውቃለሁ ብለዋል።

እንግዲህ ነገሬ ሁሉ እጅሽ ላይ ወድቋል። እኔን የሚያውቁኝ በዚያ ጀሪካን ነው፤ ካልመጣሽ በዚያው እቀራለሁ። በሌላ ነገር ሁሉ እበልጥሻለሁ፣ በዚህ ግን ተሸንፌያለሁ፤ ይህን በእጄ መጻፌን አፍራህ ትመስክር። መንገዱ እንዳይከብድሽ እኔው ኮምቦልቻ መጥቼ አመጣሻለሁ፤ በብስክሌት አይደለም፣ አትደንግጪ።

ገብስ ግን ተሸክመሽ እንዳትመጪ። ባለፈው እሑድ መንገድ የሳትኩ መስዬ በጎተራ በኩል ነድቼ ነበር። ረፋዱ ላይ ነው። ከሕንጻቸው በታች፣ ግቢው ውስጥ፣ ሰሌን በሰሌን ላይ ተነጥፎ ከዳር እስከ ዳር ገብስ ተሰጥቷል። ፀሐይዋ ስታርፍበት ግቢው ሁሉ ከመሬት ትንሽ ከፍ ያለ መሰለኝ። ጋሽ ሸምሰዲን ወንበር አውጥተው በበትር እርግብ ያባርራሉ። አዩኝ፤ ፊታቸውን አላዞሩም። በትራቸውን ወደ ላይ አነሱት፤ ለእርግቦቹ ይሁን ለእኔ አልለየሁትም። አንድ ብርጭቆ ለመቅመስ ይህ ሁሉ ገብስ ምን ያደርጋል ብዬ ደጋጋን ብጠይቀው፣ አሁንስ እኔም ገባኝ አለኝና ምን እንደገባው ሳይነግረኝ ሄደ። ገብሱን ፎቶ አንስቼው ነበር፤ አሳጥቤ ፖስታው ውስጥ አድርጌልሻለሁ። ትንሽ ጠመም ብሏል፣ ከብስክሌቷ ሳልወርድ ነው ያነሳሁት። አንቺ የድግስ መጠን አዋቂ ነሽና፣ ስንት ሰው እንደሚያጠጣ አይተሽ ፍረጂ።

አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ እጅሽን ይባርከው፣ ደጅሽን እንግዳ አያሳጣው። አፍራህን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አዲስ ልብስ አሰፊላት፣ ምክንያቱን አትጠይቂኝ።

መንገድ መንገዱን የሚያይ፣
ታናሽ ወንድምሽ