የሌለ ሰው ስም

ኅዳር ፭፣ ሰኞ፣ ከቀትር በኋላ

ማሽላ ቆረጣ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሚስቴ አስካለ ውሃ ይዛልኝ መጣች፤ ወሬም ይዛ። የጣሊያን የስልክ ሽቦ ተቆርጧል። ከእኛ መንደር በላይ፣ ከመኪናው መንገድ ዳር። ማን ቆረጠው ብላት፣ እኔ ምን አውቄ አለች። ይህን ስትል ግን ፊቷን ወደ ማሽላው አዞረች። ወንድሟ ከአርበኞቹ ጋር ጫካ ነው። ልጠይቃት አሰብኩና ተውኩት።

ደብተሬ፣ አንተን የምደብቅህ ከጣራው ሣር ውስጥ ነው። ዛሬ ሳወጣህ እንዳስቀመጥኩህ አይደለህም። ማን ነካህ? በቤቱ ውስጥ ማንበብ የምችል እኔ ብቻ ነኝ፤ ቢሆንም አልወደድኩትም።

ኅዳር ፮፣ ማክሰኞ፣ አመሻሽ

የመንደራችን ጭቃ ሹም (ጭ/ሹም) አቶ በቀለ ሸዋ ሮቢት ተጠርቶ፣ ከጣሊያኑ ካፒቴን ዘንድ ቀርቦ ተመለሰ። (ፊት ለፊት አንቱ እላቸዋለሁ። እዚህ ግን እሱ ነው።) ሽቦ ቆራጩ እስከ ቅዳሜ ማታ ካልተሰጠ መንደሩ ይቃጠላል ተብሏል። የማስፈራሪያ ወሬ አይደለም። ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር ሲነድ ጭሱን እዚህ ሆነን አይተናል።

ሁላችንም ደነገጥን። እሱ ብቻ ረጋ ብሎ ይናገራል። ነገ አውጫጭኝ ተቀምጠን ጥፋተኛውን እናውጣ አለ። ምን ቢያውቅ ነው እንዲህ የረጋው?

ኅዳር ፯፣ ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ከዋርካው ሥር። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ በእሾህ አጥር ታጥረን። የአውጫጭኝ ሥርዓት የታወቀ ነው። ስም ሳይወጣ ማንም ቤቱ አይገባም። ሕመምተኛ ካልሆነ በቀር፣ የቀረ ሰው ራሱን ያስጠረጥራል። እህል የለም፣ ውሃ የለም። ሁሉም የጎረቤቱን እጅ ያያል። እኔም አያለሁ። አንዱ ሲያስል እንኳ ለምን አሳለ እላለሁ። አስካለን አላየኋትም፤ ሆን ብዬ።

ልጆች በውሃ ጥም ማልቀስ ሲጀምሩ ከኋላ አንድ ድምፅ የሰይድን ስም አነሣ። ሰይድ ጨው ነጋዴው። ግመሎቹን ነድቶ አፋር ከወረደ ሰንብቷል። ሽቦው ሲቆረጥ እዚህ እንዳልነበረ ሕፃን ያውቃል። የተመረጠውም ለዚያው ነው። ጣሊያን በረሃ ወርዶ አይዘውም። እሱም ወሬውን ሲሰማ እዚያው ይቀራል። መንደሩ ይተርፋል፣ የሚሞት የለም። ነገሩ ማር ሆነልን። ሳይታመም ከአውጫጭኙ የቀረ ነበርና ለሥርዓቱም ተስማማ።

ቆራጩ ሰይድ ነው ብሎ ሁሉም ማለ። እኔም ማልኩ። እናቱ እትዬ ዘይነባ ታመው ቤት ነበሩ፤ አልሰሙም። ወደ ቤቴ ስመለስ ቀለል ብሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ያን ስም መጀመሪያ ያነሣው ድምፅ የማን ነበር?

ኅዳር ፰፣ ሐሙስ፣ ራት ላይ

ወጡ ጨው አልነበረውም። ተነጫነጭኩ። አስካለ ዓይኔን እያየች፣ ቅዳሜ ሰይድ ሲመጣ እንገዛለን አለችኝ። የጠቀለልኩትን እንጀራ መለስኩት። ማን ነገረሽ? የጭ/ሹሙ ሚስት። መቼ? ሰኞ፣ ውሃ ስንቀዳ።

ሰኞ! እኛ የማልነው ረቡዕ ነው።

ኅዳር ፱፣ ዓርብ፣ ጠዋት

አቶ በቀለን አውድማው ላይ አገኘሁት። ጠየቅሁት። አልካደም። በቅሎውን ለጭነት ለሰይድ አከራይቶት ነበርና የመመለሻውን ቀን ከመጀመሪያውም ያውቃል። ከሰይድ ቀድሞ የመጣ ነጋዴም አረጋግጦለታል። ረቡዕ የሰይድን ስም ያነሣው ድምፅም የአቶ በቀለ የወንድሙ ልጅ ነበር። ሰይድ ነገ መንደር ሲገባ ይዞ ሊያስረክብ ለካፒቴኑ ቃል ሰጥቷል።

«በረሃ የቀረ ሰው ስም ብሰጣቸው መች ይለቁናል?» አለኝ። «የሚሰቀል ሰው ነው የሚፈልጉ። እሱ አንድ ነው፣ እኛ ስንት ነፍስ ነን። ነው ወይስ የአስካለን ወንድም ስም ላውጣልህ?»

አፈርኩ፤ ትቼው ሄድኩ። ያለው ሁሉ ሐሰት ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ሰይድን ባስጠነቅቀው መንደሩን ያነደድኩት እኔ ነኝ። ዝም ብል የገደልኩት እኔ ነኝ። ደግሞ አስካለ… አልጠይቃትም።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

እግሬ ወደ እትዬ ዘይነባ ቤት ወሰደኝ። መደብ ላይ ተኝተዋል። ነገ ልጄ ይመጣል፣ ኢንሻአላህ፣ አሉኝ። የልጃቸውን ጋቢ አጥበው ለእሱ አጣጥፈው አስቀምጠዋል። መቻል አቃተኝ፤ ነገርኳቸው። ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። አላለቀሱም። ስሙን ማን አወጣው ብቻ አሉ። ሁላችንም፣ አልኩ።

«ሁላችሁም ከሆናችሁ፣ ሁላችሁም ውረዱና ለራሱ ንገሩት» አሉኝ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ኅዳር ፲፣ ቅዳሜ፣ ጎሕ ሲቀድ

ብሄድም ባልሄድም ስንቅ ይኑረኝ ብዬ የእህል ጉድጓዱን ከፈትኩ። ባዶ ነው። ለወንድሟ ሰጠችው ብዬ አስካለ ላይ ጮህኩ። አስካለ አልጮኸችም። ከረቡዕ ማታ ጀምሮ፣ እኔ ስተኛ፣ በአህያ ወደ ገደሉ ዋሻ አውጥታዋለች። ፍየሎቹም እዚያ ናቸው። እሷ ብቻ አይደለችም። የመንደሩ ሴቶች ሁሉ፣ የጭ/ሹሙም ሚስት። ጣሊያን ቃሉን ይጠብቃል ብሎ ያመነ አንድም ቤት የለም። ለእኔ ያልነገረችኝ እንዳልነጫነጭ ነው። ጎረቤቶቼ ማታ ማታ ሲሹለከለኩ ባንዳ ናቸው እያልኩ ስጠረጥር ሰንብቼ ነበር።

አሁን ገባኝ። አቶ በቀለ ብዙ ነፍስ ለማትረፍ አንድ ነፍስ ይሰጥ ሲል እኔም ተቀብዬው ነበር። የመንደሩ ነፍስማ ዛሬውኑ ዋሻ ሊገባ ይችላል። እህሉ ገብቷል፣ ፍየሉ ገብቷል። ሰይድን የሸጥነው በነፍሳችን ሳይሆን በሣር ጣራችን ነው።

አስካለ እትዬ ዘይነባን በአህያ ጭና ወደ ዋሻው ትወጣለች፤ በየደጁም ውጡ እያለች ታልፋለች። እኔ ወደ ወንዙ መሻገሪያ እወርዳለሁ። ሰይድ ከዚያ ወዲህ እንዳይራመድ፣ እኔም እንደማልኩበት፣ በአፌ እነግረዋለሁ። ምን እንደሚለኝ አላውቅም።

ደብተሬ፣ አንተንም ከጣራው አውጥቼሃለሁ። ማታ ሣሩ ይነድዳል።