አራት አንደኞች

ሰኞ፣ ኅዳር 3
የመሥሪያ ቤታችንን ክፍሎች የበጀት ጥያቄዎች ለቦርድ ስብሰባ በስላይድ እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። አሥራ አንድ ክፍል፣ አሥራ አንድ ጥያቄ፣ አራት ስላይድ። ቀላል... መስሎኝ! አዲስ ስላይድ በከፈትኩ ቁጥር ዝርዝሩ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ረቂቁ እንዲሁ ለክፍሎቹ ተላከ። አለቃ መነጽሩን አውልቆ፣ "አንቺ፣ መቁጠር የት ነው የተማርሽው?" የሙከራ ጊዜዬ አርብ ያልቃል። በኮምፒውተር ጥፋት ልባረር?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4
ቁጥሩን በእጄ ጻፍኩት። አለቃ ሦስተኛውን ወደ መጀመሪያ ወሰደው፤ ቁጥሩ ተዘበራረቀ። በእጅ የተጻፈ ቁጥር እንደ ውሰት ሱሪ ነው፤ ቁጭ ሲሉ ይተረተራል። ለእህቴ ደወልኩ። ስትስቅ ቆይታ፣ "የኔ ሞኝ፣ የቁጥሩ ማስተካከያ ውስጥ 'ከዚህ ጀምር' የሚል አለልሽ እኮ!" ለካ! ሁለተኛው ስላይድ ከአራት፣ ሦስተኛው ከሰባት፣ የመጨረሻው ከአሥር። ሊቅ ሆንኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5
ሊቅነቴ እስከ ረፋድ ቆየ። የመጋዘኑ ኃላፊ አዲሱን ረቂቅ እያራገቡ ገቡ።
"ሰኞ አንደኛ ነበርኩ። ዛሬ ሰባተኛ! ማነው ያወረደኝ?"
"ጋሼ፣ ቁጥር ብቻ እኮ ነው..."
"ልጄ ሰባተኛ ሲወጣ 'ቁጥር ብቻ ነው' አልለውም!"
ከኋላቸው የጽዳት ኃላፊዋ፦ "እኔ አሥረኛ? እኔ ባላስጠርግ አንደኛው የት ይቀመጥ ነበር?"
እውነታቸውን ነው... ካልተስተካከለ ስብሰባው ላይ አንገኝም አሉ። አለቃ ላብ በላብ ሆኖ፣ "መልሺላቸው በቃ!" መለስኩላቸው። ሁሉም ከአንድ። ነገ ቦርዱ ሲስቅብን፣ የሚባረረው ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6
ሰብሳቢው ሳያነብ እንደመጣ ፊቱ ያሳብቃል። "ቁጥር አንድ ላይ ተቃውሞ አለ? የለም። ጸድቋል። የቀረው ለሚቀጥለው ስብሰባ።"
ቃለ ጉባኤ ያዥዋ ቀና ብላ፣ "የትኛው አንድ?"
አላነበብኩም ብሎ ማን ይመን? ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ "እንዴት የትኛው? ሁሉም ነዋ!"
አራቱ ባለ አንድ ቁጥር ኃላፊዎች ተቃቀፉ። እኔ ሳቅ እንዳያመልጠኝ ጭኔን ቆነጠጥኩ።

አርብ፣ ኅዳር 7
ቋሚ ሆንኩ! አለቃ እየፈረመ፣ "ሰው አያያዝ ትችያለሽ" አለኝ። እኔ? ከቢሮው ስወጣ ጥያቄያቸው ያላለፈላቸው ኃላፊዎች በር ላይ ተኮልኩለዋል። "እህት ዓለም፣ ለእኔም የራሴን ስላይድ..." "እኔስ? የእንጀራ ልጅ ነኝ?"
ሰባት ስላይድ ሠራሁ። በእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ፣ ሁሉም ቁጥር አንድ። ምንም ማስተካከያ አልነካሁም... ኮምፒውተሩ ለካ መሥሪያ ቤታችንን ከእኔ ቀድሞ አውቆት ኖሯል።